«በመጨረሻው ቼካችሁ ታክስ እንሠራለን»፦ አገልግሎቱ ዋጋውን ያወጣል?

ጃንዋሪ ገባ ሲባል አንዳንድ የታክስ ቢሮዎች በር ላይ ያው ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ «ደብሊው-2 አትጠብቁ፤ በመጨረሻው ቼክ ስተባችሁ ዛሬውኑ እንሠራላችኋለን።» ደብሊው-2 ቀጣሪው የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠ ታክስ የሚያሳይበት ፎርም ነው፤ ስተብ ደግሞ ከየቼኩ ጋር የሚመጣው የደመወዝ ዝርዝር። የቸኮለ ሰው መቼም አይጠፋም። የበዓሉ ወጪ አለ፣ ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ አገልግሎት ነው። ያንኑ ሥራ በሶፍትዌር፣ በነፃ ታክስ በሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ዘንድና በወረቀት መሥራት ምን እንደሚመስልም ጎን ለጎን እናያለን። ቁጥሮቹ በሙሉ በ2025 ለተገኘ ገቢ በ2026 የሚሞላውን የአሜሪካ ፌደራል ታክስ የሚመለከቱ ናቸው።

ፍርዱን ከወዲሁ እንንገራችሁ። በጃንዋሪ አገልግሎቱ ዋጋውን አያወጣም። በማርች ግን ቀጣሪው ቢሮውን ዘግቶ ከጠፋ፣ ወይም «ዛሬ ነገ» እያለ ደብሊው-2 ካልሰጠ፣ ያቺው ስተብ ወርቅ ናት።

በመጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን እንይ። አይአርኤስ፣ ማለትም የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ የ2025ን ታክስ መቀበል የጀመረው ጃንዋሪ 26 ቀን 2026 ነው። ከዚያ በፊት «ዛሬውኑ ላክንልህ» የተባለ ሪተርን (የተሞላው የታክስ ፎርም) ቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ተራውን ይጠብቃል እንጂ የትም አይሄድም። ቀጣሪ ደብሊው-2 እንዲሰጥ የሚገደድበት ቀን ደግሞ ጃንዋሪ 31 ነው፤ ዘንድሮ ቀኑ ቅዳሜ ላይ ስለዋለ ወደ ሰኞ ፌብሩዋሪ 2 ተሻግሯል። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ስተቡን ይዞ የሮጠ ሰው ቢያተርፍ የሚያተርፈው ይህችን ሳምንት ነው። አነስተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠውን ክሬዲት ወይም ተጨማሪውን የልጆች ክሬዲት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ እሷንም አያተርፍም። አይአርኤስ እነዚህ ክሬዲቶች ያሉበትን ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዳይለቅ ሕግ ይከለክለዋል፤ የሚከለክለውም ሙሉውን ሪፈንድ ነው። ለዚህ አገልግሎት አብዝተው የሚሰለፉት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ደንቡ ነው። ኢ-ፋይል፣ ማለትም ሪተርን በኤሌክትሮኒክ መንገድ፣ እንዲልክ የተፈቀደለት የታክስ ሠራተኛ የደንበኛውን ደብሊው-2 ሳያገኝ ሪተርን መላክ አይችልም። ይህ በአይአርኤስ ኅትመት 1345 ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ከስተብ ላይ ቁጥር መጠቀም የሚፈቀደው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ትክክለኛ ደብሊው-2 ማግኘት ሳይቻል ቀርቶ በምትኩ ፎርም 4852 በመመሪያው መሠረት ሲሞላ። መስጫ ቀኑ ገና ያልደረሰ ደብሊው-2 ደግሞ «ሊገኝ አልቻለም» አይባልም።

ስለዚህ በጃንዋሪ መጀመሪያ ስተብ የሚቀበል ቢሮ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ በስተቡ ግምት ብቻ ይሠራና ደብሊው-2 ሲመጣ ቁጥሩን አስተካክሎ ይልካል። ይህ ንጹሕ ሥራ ነው፤ የተጋነነው ማስታወቂያው ብቻ ነው። አንዳንዱ በግምቱ ላይ ተመሥርቶ ብድር ይሰጣል። እዚህ ላይ ውሉን ማንበብ ግድ ነው። ግምቱ ከፍ ብሎ እውነተኛው ሪፈንድ ዝቅ ቢል፣ ወይም ሪፈንዱ ለሌላ ዕዳ ቢያዝ፣ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከምና ከሪፈንዱ ላይ ስንት ዓይነት ክፍያ እንደሚቆረጥ ተጽፎ ማየት አለባችሁ። ሦስተኛው ዓይነት ግን የስተቡን ቁጥር ደብሊው-2 የመጣ አስመስሎ ይሞላና ይልከዋል። ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሐሰት ነው። ሪተርኑ ላይ ያለው ስምና ፊርማ የእናንተ ስለሆነ ደብዳቤው የሚመጣውም እናንተ ቤት ነው።

ማን የትኛው እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉውን ኮፒ ጠይቁ። የሠሪው ፊርማና ከአይአርኤስ ያገኘው ፒቲን የሚባለው ቁጥር አለበት? ለሥራው ተከፍሎት የማይፈርም ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ። ደብሊው-2 ሳትሰጡት ተልኮ ከሆነ ፎርም 4852 ከገጾቹ መካከል አለ? ከሌለ ሦስተኛው ዓይነት እጅ ላይ ወድቃችኋል። ክፍያውን በሪፈንዱ ፐርሰንት የሚያስብ፣ ወይም ሪፈንዱ በራሱ አካውንት እንዲገባ የሚያደርግም እንዲሁ ደንብ ጥሷል።

አሁን ወደ ስተቡ እንምጣ፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። በስተብ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፤ ለታክስ የሚያገለግለው ግን ከጃንዋሪ ጀምሮ የተደመረውን የሚያሳየው «ዋይቲዲ» የሚባለው ዓምድ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሠራተኛው በሰዓት 22 ዶላር ይከፈለዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ 80 ሰዓት ይሠራል፤ በዓመቱ 26 ቼክ ወስዷል። የአንዱ ቼክ ግሮስ፣ ማለትም ምንም ሳይቆረጥለት፣ 1,760 ዶላር፣ የዓመቱ 45,760 ነው። ለ401ኬ፣ በቀጣሪው በኩል ለሚጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ፣ 5 ፐርሰንት ይቆረጥበታል፤ በቼክ 88፣ በዓመት 2,288። ለጤና ኢንሹራንስ ከታክስ በፊት 95 ዶላር ይቆረጣል፤ በዓመት 2,470።

የደብሊው-2 ሳጥን 1፣ ማለትም ፌደራል ታክስ የሚታሰብበት ደመወዝ፣ ሁለቱም ተቀንሰው 41,002 ይሆናል። ሳጥን 3 እና 5፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር ደመወዝ፣ ግን 43,290 ናቸው። 401ኬ ከእነዚህ ላይ አይቀነስም፤ ከታክስ በፊት የሚቆረጠው ኢንሹራንስ ግን ይቀነሳል። በስተቡ ላይ ያለውን ግሮስ ወስዶ ሳጥን 1 ላይ የጻፈ ሰው ገቢውን በ4,758 ዶላር አሳብጧል ማለት ነው። ለዚህ ያላገባ ሠራተኛ፣ 12 ፐርሰንት እርከን ላይ ስለሆነ፣ በከንቱ 571 ዶላር ያህል ከፈለ ማለት ነው። ኔቱን፣ ማለትም ባንክ የገባውን፣ የጻፈ ሰው ደግሞ ገቢ አሳንሷል። ያኔ የአይአርኤስ ኮምፒውተር ከቀጣሪው ከመጣው ጋር ሲያነጻጽረው ልዩነቱን ያገኝና ሲፒ2000 የሚባለውን ደብዳቤ ይልካል።

ቁጥሩ መግጠሙን የምታረጋግጡበት ቀላል ስሌት አለ። በስተቡ ላይ የተቆረጠውን የዓመቱን ሶሻል ሴኪዩሪቲ ለ0.062 አካፍሉ። በምሳሌያችን 2,683.98 ሲካፈል በትክክል 43,290 ይሰጣል። ሜዲኬርን ደግሞ ለ0.0145። እዚህ በየቼኩ 24.14 ተቆርጦ በዓመት 627.64 ስለደረሰ ውጤቱ 43,285.52 ነው። የጎደለው አምስት ዶላር ገደማ በየቼኩ ሳንቲም ስለሚሞላ ወይም ስለሚጣል የመጣ ስለሆነ አያስደነግጥም። ልዩነቱ በመቶዎች ከሆነ ግን ከታክስ በፊት የተቆረጠ ያላያችሁት ነገር አለ። ይህ ስሌት የሶሻል ሴኪዩሪቲ ጣሪያ ለሆነው 176,100 ዶላር ላልደረሰ ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ 6.2 ፐርሰንቱ ይቆማል፣ ሜዲኬር ግን አይቆምም።

ቁጥሩ እንቢ ሲል ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሮዝ የሚባለው 401ኬ ታክሱ ከተከፈለ በኋላ ስለሚገባ ከሳጥን 1 አይቀነስም፤ ስሙ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይቀንሰዋል። ቀጣሪው ከራሱ ኪስ የሚጨምረው የ401ኬ ማሟያና የኢንሹራንስ ድርሻ በስተቡ ላይ ቢታይም ከእናንተ ደመወዝ ስላልተቆረጠ የሚቀነስ ነገር የለውም። ቀጣሪው የገዛላችሁ የሕይወት ኢንሹራንስ ከ50,000 ዶላር በላይ ከሆነ ደግሞ የትርፉ ወጪ እንደ ገቢ ይደመራል፤ ጥሬ ገንዘቡን በዓይናችሁ አላያችሁትም፣ ታክሱን ግን ትከፍላላችሁ።

ቀኑም ያሳስታል። የሚቆጠረው ሥራው የተሠራበት ሳይሆን ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ነው። ከዲሴምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 3 ተሠርቶ ጃንዋሪ 9 ቀን 2026 የተከፈለ ቼክ ሙሉ በሙሉ የ2026 ነው። ስለዚህ የ2025 «የመጨረሻ ስተብ» የሚባለው የዲሴምበር 26ቱ ነው። ጃንዋሪ 9 ላይ የወጣውን ይዞ የሄደ ሰው ዋይቲዲው ከዜሮ ጀምሮ ያገኘዋል።

ዋይቲዲ በዓመቱ መሐልም ወደ ዜሮ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ድርጅቱ ሲሸጥ ወይም ደመወዝ የሚሠራለትን ኩባንያ ሲቀይር ይህ ያጋጥማል። ያኔ ከለውጡ በፊት ያለው የመጨረሻ ስተብና የዲሴምበሩ ስተብ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በነሐሴ አካባቢ ሥራ የለቀቀ ሰውም ከመጨረሻው መደበኛ ቼክ በኋላ ያልተጠቀመበት የዕረፍት ቀን ክፍያ በተለየ ቼክ መጥቶ እንደሆነ ባንኩን ይይ። ከዲሴምበሩ በፊት ያለው ስተብ ብቻ ካላችሁ የጎደሉትን ቼኮች መደመር እንዳትረሱ።

እንግዲህ ወደ ማርች። ደብሊው-2 አልመጣም። በመጀመሪያ ቅርብ ያለውን ሳታዩ ሩቅ አትፈልጉ፤ ብዙው «የጠፋ» ደብሊው-2 የደመወዙ ድረ ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሥራ ስትጀምሩ ከፈረማችሁት ብዙ ወረቀት መካከል «ወረቀት በፖስታ አትላኩልኝ» የሚል ካለበት ቤት የሚመጣ ነገር የለም። ቤት የቀየረ ሰው ደግሞ የቀድሞውን አድራሻ ያስብ። ከዚያ ቀጣሪውን በጽሑፍ ጠይቁ። የፌብሩዋሪ ወር አልቆ ካልመጣ ወደ አይአርኤስ 800-829-1040 ትደውላላችሁ። የራሳችሁን ስም፣ አድራሻና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር፣ የቀጣሪውን ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ የሠራችሁበትን ጊዜ እንዲሁም የደመወዝና የተቆረጠ ታክስ ግምት ይጠይቋችኋል። ስተቡን ከፊት አስቀምጡ። አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። አይአርኤስ ለቀጣሪው ያሳስባል፤ ለእናንተም ፎርም 4852ን ይልካል።

ፎርሙ አጭር ነው። መስመር 7 ላይ ከ«ኤ» እስከ «አይ» ድረስ ዘጠኝ ሳጥኖች አሉ፦ ደመወዝ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ደመወዝ፣ የሜዲኬር ደመወዝና ቲፕ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቲፕ፣ የተቆረጠ ፌደራል፣ የስቴት፣ የአካባቢ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር ታክስ። ከላይ ያሳየነው ስሌት የሚገባው እዚህ ነው። የሚያወላውሉ ሰዎች የሚሰናከሉት መስመር 9 እና 10 ላይ ነው። መስመር 9 ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችሁ ይጠይቃል፤ «ገመትኩ» ከማለት «የዲሴምበር 26 ቀን 2025 ስተብ የዓመት ድምር፣ 401ኬና ኢንሹራንስ ተቀንሶ» ማለት ይሻላል። መስመር 10 ደብሊው-2 ለማግኘት ምን እንዳደረጋችሁ ይጠይቃል። እዚህ ቀን ቀኑን ቁጠሩ፦ መቼ ደወላችሁ፣ መቼ ኢሜይል ላካችሁ፣ አይአርኤስን መቼ አነጋገራችሁ። ሁለቱም የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ቀልድ የለበትም፤ በቸልተኝነት ታክስ ያሳነሰ ሰው የልዩነቱን 20 ፐርሰንት፣ ያጭበረበረ 75 ፐርሰንት ሊቀጣ ይችላል። የፌዝ ሪተርን ለሚያስገባ ደግሞ 5,000 ዶላር ቅጣት አለ።

ይህን በምን መሥራት ይሻላል? በእኛ ሚዛን ሶፍትዌር ይቀድማል። ደብሊው-2 በሚሞላበት ገጽ ላይ «ምትክ» ወይም 4852 የሚል ምርጫ ይፈልጉና ሲነኩት ፎርሙን ራሱ ይሠራል። ችግሩ ኢአይኤን የሚባለው የቀጣሪው ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ነው። ስተብ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ያለሱ ደግሞ ኢ-ፋይል አይሄድም። እዚያው ሥራ ላይ ለሁለተኛ ዓመት ከሆናችሁ ያለፈው ደብሊው-2 ላይ ታገኙታላችሁ። ካልተገኘ ቁጥር አትፍጠሩ፤ ወረቀቱን አትማችሁ፣ 4852ን አያይዛችሁ በፖስታ ላኩ። በጎ ፈቃደኞቹ፣ ቪታ የሚባሉት፣ በገቢ ልክ ለሚፈቀድላቸው በነፃ ይሠራሉ፤ የሚሠሩትም በአይአርኤስ ፈተና ያለፉ ናቸው። ነገር ግን ቀጠሮ በፍጥነት ስለሚሞላ ቀድማችሁ ያዙ፤ 4852 እንዳለባችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚከፈለው ቢሮ ሦስተኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀጣሪና ሁለት ስቴት ያለበት ሰው ከሆነ ግን ጎበዝ ሠሪ ገንዘቡን ያወጣል።

በየትኛውም መንገድ ብትልኩት 4852 ያለበት ሪፈንድ ሊዘገይ ይችላል፤ አይአርኤስ ቁጥሩን ያጣራል። የስቴት ታክስ ባለበት ስቴት ለሚኖር ሰው የስቴቱ ሪተርንም ይህንኑ ተከትሎ ይሞላል። ቴክሳስና ዋሽንግተን ስቴት ያሉ በደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ ስለሌለ ይገላገላሉ። ኤፕሪል 15 ደርሶ ነገሩ ካልጠራ ፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ይሰጣል፤ የሚዘገየው ግን መሙላት እንጂ መክፈል አይደለም። ሪተርኑ ከተላከ በኋላ ደብሊው-2 ዘግይቶ መጥቶ ቁጥሩ ከለያየ በ1040-ኤክስ ይታረማል።

ዘንድሮ ስተብ አዲስ ሥራ አግኝታለች፤ በእኛ አስተያየት ትልቁ ጥቅሟም ይኸው ነው። ከ2025 ጀምሮ እስከ 2028 ድረስ የኦቨርታይም ጭማሪ ከፌደራል ገቢ ላይ እንዲቀነስ ተፈቅዷል፤ ላንድ ሰው እስከ 12,500፣ በጋራ ለሚሞሉ ባልና ሚስት እስከ 25,000 ዶላር። ገቢው ከ150,000፣ በጋራ ከ300,000 ካለፈ እየቀነሰ ይሄዳል። ለ2025 ግን ቀጣሪዎች ይህን በደብሊው-2 ላይ ለይተው እንዲያሳዩ አልተገደዱም። ስለዚህ ደብሊው-2 በእጃችሁ ቢኖርም ቁጥሩን የምታገኙት ከስተብ ነው።

የሚቀነሰው ሙሉው ኦቨርታይም ሳይሆን «ግማሹ» ጭማሪ ብቻ ነው። ያው 22 ዶላር የሚከፈለው ሰው በሌላ ዓመት 300 ሰዓት ኦቨርታይም በ33 ዶላር ቢሠራ፣ ስተቡ ላይ «ኦቨርታይም 9,900» ይላል። ለሦስት ይካፈላል፤ የሚቀነሰው 3,300 ነው። ስተቡ ጭማሪውን ለብቻው፣ ማለትም 11 ዶላር በ300 ሰዓት ብሎ 3,300 ካሳየ ግን እንደገና አይካፈልም። ሁለት እጥፍ የሚከፈልበት ሰዓት ለአራት ይካፈላል። 9,900ውን እንዳለ የሚጽፍ ቢሮ ካጋጠማችሁ ሪፈንዱ አምሮ ቢታይም ኋላ ይመለሳል። የሚቆጠረውም የፌደራል ሕግ የሚያስገድደው፣ ማለትም በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራው ነው፤ ካሊፎርኒያ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ስለተሠራ ብቻ የምታስከፍለው አይገባበትም። ተቀናሹ የሚሞላው ሰኪጁል 1-ኤ ላይ ነው። ያገባ ሰው በጋራ ካልሞላ አያገኘውም፤ ለሥራ የሚያገለግል የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርም ያስፈልጋል። ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር ግን እንደ ድሮው በሙሉው ላይ ይቆረጣሉ።

ሬስቶራንትና ሆቴል ለሚሠሩ ቲፕም እስከ 25,000 ዶላር ይቀነሳል፤ ሪፖርት የተደረገው ቲፕ በደብሊው-2 ሳጥን 7 ላይ ስለሚገኝ ስተቡ ለማመሳከሪያ ነው። ለትልቅ ጠረጴዛ ሬስቶራንቱ ራሱ በግድ የሚጨምረው ሰርቪስ ቻርጅ ቲፕ አይባልም፤ በስተቡ ላይ ተቀላቅሎ ከሆነ አስለዩት።

በራሳቸው የሚሠሩ የኡበርና የታክሲ ሹፌሮች ስለ ደብሊው-2ና ስለ 4852 ያልነውን ሊዘሉት ይችላሉ። 4852 የሚተካው ደብሊው-2ንና የጡረታውን 1099-አርን ብቻ ነው፤ ያልመጣ 1099-ኤንኢሲ ቢኖር ገቢው ከራሳችሁ መዝገብ ተነሥቶ ሰኪጁል ሲ ላይ ይሞላል።

በ4852 የሞላ ሰው አንድ ሥራ ይቀረዋል። ከሴፕቴምበር 30 በኋላ የሶሻል ሴኪዩሪቲ አካውንቱን ከፍቶ የዚያ ዓመት ደመወዝ መመዝገቡን ይይ። ካልተመዘገበ ቀጣሪው አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ የጡረታ ሒሳባችሁ ነው። ለዚህ ሲባል የ4852ን ኮፒ፣ ከነስተቡ፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ መቀበል እስክትጀምሩ ድረስ አስቀምጡ።